ሦስቴ ዜማዋን የለወጠች መኪና

የገበሬውን የሞላን ሬሳ ያገኙት ዓርብ ማለዳ ገብስ ጭነው ወደ አርብ ገበያ የሚወርዱ ገበሬዎች ናቸው። ከቤተ ልሔም ገዳም በታች ባለው ሜዳ፣ ከመኪናው መንገድ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። መጀመሪያ ሠርግ ቤት ያመሸ ሰካራም መስሏቸው ሊቀሰቅሱት ጠጋ አሉ። ሲገለብጡት ወገቡ ተሰብሯል፣ ጋቢው ላይም የጎማ ፈለግ ታትሞበታል። ሁሉም በአንድ አፍ «ጂፕ ነው የገደለው» አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን፣ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ምድር የነበረው መኪና ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው የወገዳው ነጋዴ የጓዴ አሮጌ ዊሊስ ጂፕ ነው፤ የሚነዳው አንዳርጌ የሚባል ልጅ እግር ሾፌር ነበር። ሁለተኛው የባለርስቱ የፊታውራሪ ወንድይራድ ላንድሮቨር ነው፤ እሱን ፊታውራሪው ራሱ ይነዳዋል። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። የአገሩ ሰው ደግሞ ሁለቱንም «ጂፕ» ነው የሚላቸው። በአራት ጎማ ቆሞ የሚጮህ ነገር ሁሉ ጂፕ ነው፣ አለቀ። ታዲያ «ጂፕ ገደለው» ሲባል የአርብ ገበያው ፖሊስ አስር አለቃ ገብሬ ምን አደረገ? ስሙ ጂፕ የሆነውን ሄዶ ያዘ! አንዳርጌ ያን ዕለት ቀትር ላይ ጨው ጭኖ ገበያ ሲገባ፣ ገና ሞተሩን ሳያጠፋ በሰንሰለት ጠፈሩት።

መርማሪው መቶ አለቃ መልአኩ ከደብረ ታቦር በበቅሎ መጥቶ በሳምንቱ ረቡዕ ረፋድ ላይ ደረሰ። አርባ ዓመት የሞላው፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናደድ ድምፁ ዝቅ የሚል ሰው ነው። የሚያውቁት ድምፁ ዝቅ ሲል ከአጠገቡ ዞር ይላሉ። በኪሱ የአለቃው ደብዳቤ ነበር፤ ገዳዩ ስለተያዘ መዝገቡን ዘግተህ እስረኛውን ከነመኪናው ይዘህ ዓርብ ጉዞ ጀምር ይላል። ሰው የሞተበትን ነገር በሁለት ቀን ዝጋ ማለት ነው።

ከበቅሎ ሳይወርድ ወደ ሜዳው ሄደ። ምን ሊያይ! የጎማውን ፈለግ የዓርብ ገበያ አህያና በግ ደምስሶታል። የመኪናውን ስፋት ለካችሁ ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ገብሬ ጂፕ መሆኑ እየታወቀ ምን ይለካል አለው። የሟቹስ ጋቢ? አጥበው ገንዘውበታል። መልአኩ ከበቅሎው ወረደ። ከመንገዱ እስከ ሬሳው ቦታ አሥር እርምጃውን በእግሩ ቆጠረው። ሜዳው ደልዳላ ነው፣ ድንጋይም ገደልም የለበት። እንግዲህ ሰውዬው ከመንገድ ወጥቶ ሲሸሽ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተከትሎታል። ይኼ የፍሬን ጉድለት አይደለም፤ ይኼ ሆን ብሎ ነው።

ሰውዬው ዱላ አልነበረውም ወይ ብሎ ጠየቀ። የጋይንት ገበሬ ያለ ዱላ አይሄድም። ገብሬ አንገቱን አከከና ነበረው አለ። የትም አልሄደም፤ የፖሊስ ጣቢያው በር መወርወሪያ ስለተሰበረ በሩን እየቀረቀሩበት ነው።

መልአኩ ዱላውን ከበሩ ላይ ነቅሎ ወደ ፀሐይ አወጣው። ጥሩ የወይራ ዱላ ነው፤ ጫፉ ላይ ሹል ብረት ተቀጥቅጦለታል። በሹሉ ላይ የአረንጓዴ ቀለም ፍርፋሪና የጥፍር ቁራጭ የምታህል የብረት ልጥ ተሰክታ ነበር። ሰውዬው ከመሞቱ በፊት መኪናውን ወግቷል። ብረቷ ነጭ ናት። መልአኩ በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታትና በልቡ ሞላን ጎሽ አለው።

ከሰዓት በኋላ የሟቹን ሚስት አስካለን አነጋገራት። ጠጉሯን ተላጭታ፣ ማቅ ለብሳ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ያለው የገብስ ማሳ በመሐሉ እንደ መቀነት የተዘረጋ መንገድ ሰንጥቆታል። ፊታውራሪው ላንድሮቨሩን የገዛ ዓመት «ልማት ነው» ብሎ መንገዱን በሰው ማሳ ላይ አሳለፈው። የሞላ ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩ ሁሉ ማሳ ተቆርሷል። ካሳ የለም፣ ምትክ የለም። ሞላ ሌሊት ሌሊት መንገዱ ላይ ቦይ ይቆፍር ነበር፤ ቀን ቀን ያስደፍኑታል። ከቦዩ በአንዱ የአንዳርጌ ጂፕ ገብቶ ከሥር የሚሸከመው ባሌስትራው ተሰበረ። አንዳርጌም ገበያ መሐል የሞላን ጋቢ ጨምድዶ «እኔና አንተ እንገናኛለን» ብሎታል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።

በመጨረሻ ሞላ ቁፋሮውን ትቶ ማመልከቻ አስጻፈ። ሐሙስ ዕለት ከአርብ ገበያ ይዞት ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ ነው የሞተው።

«አርባ አንድ ሰው በጣቱ ፈርሞበታል» አለች አስካለ ድምፅዋን ቀንሳ። «ቁጥሩን ለማንም አልተናገርንም፣ እንዳይለቅሟቸው ብለን። ኮሮጆውን ሲመልሱልኝ ቆሎው አለ፣ ወረቀቱ የለም። ጌታዬ፣ እኔ መኪና አላውቅም። ይህ መንገድ ሳይመጣ ግን ባሌ ነበረ።»

መልአኩ ኮፍያውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ።

አንዳርጌን ያገኘው በጣቢያው ጓሮ፣ እግሩ ከግንድ ጋር ታስሮ ነው። ዝቻውን አልካደም፤ ተናድጄ ነው ያልኩት አለ። ሐሙስ ከወገዳ ጨው ጭኖ ብቻውን ሲመጣ የጂፑ ራዲያተር ፈላበት፤ ቆላው ውስጥ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ወንዝ ዳር አቁሞ እስኪበርድ ጠበቀ፣ መሸበት፣ እዚያው አደረ። ያየው ሰው አለ? ዝንጀሮ ብቻ። መልአኩ አንገቱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ምስክር የሌለው ቃል ገመድ ነው የሚያስጠልቅ።

ከዚያ የመኪናውን ነገር ሲያነሣበት የልጁ ፊት በራ። መልአኩ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈለው፤ በአንዱ ጂፕ፣ በሌላው ላንድሮቨር ብሎ ጻፈ። አንዳርጌ ሰንሰለቱን ረስቶ ያስቆጥረው ጀመር። ዊሊሱ ከትልቁ ጦርነት የተረፈ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር፣ ስልሳ የፈረስ ጉልበት፤ እሱም አዲስ ሳለ። ወደ ፊት ሦስት ማርሽ፣ ወደ ኋላ አንድ። ቤንዚኑ ሃምሳ ሰባት ሊትር ይይዛል፣ ከላንድሮቨሩ በዚህ ይበልጣል። አካሉ ድፍን ብረት ሆኖ እንኳ ሦስት ኩንታል ያህል ይቀለዋል፤ ጠባብ ቦታ ላይ እንደ ፍየል ይዞራል።

«ታዲያ የቱ ይሻላል?» አለው መልአኩ።

አንዳርጌ አሰበ። ውሸት ሊያድነው እንደሚችል ያላወቀ መሆኑ ነው መልአኩን የነካው። «እኩል አዲስ ቢሆኑ አከራክርዎት ነበር» አለ። «አሁን ግን የኔይቱ አርጅታለች። ከዚያ ሜዳ እስከ ወገዳ አምስት ሰዓት ትፈጃለች፣ ሦስቴ እያበረድኳት። አገር ያውቀዋል።»

ሐሙስ ጧት መልአኩ ወደ ቤተ ልሔም ወጣ። ከሜዳው በላይ ባለው የዋርካ ጥላ ሥር አርባ ዓመት ድጓ ያስተማሩት መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ይቀመጣሉ። ዓይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ወስዶባቸዋል። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ከሃያ ሰው መሐል አንዲት ምልክት ቢስት ስሙን ጠርተው የሚመልሱ ሰው ናቸው። መልአኩ ጉልበታቸውን ስሞ ጠየቃቸው።

የሰሙትን አንድ በአንድ ነገሩት። የዘጠኝ ሰዓት ደወል ተደውሎ ገና ድምፁ አላለቀም ነበር። ከታች ሜዳው ላይ ሰው «ቁም» ብሎ ጮኸ። መኪናም ቆመ፣ ክርክር ሆነ። ቀጥሎ ዱላ ብረት ሲመታ ተሰማ። ከዚያ ዝምታ፤ ሰውየው እየሄደ መሆን አለበት።

«ከቆመችበት ተነሣች፤ ዜማዋን ሦስቴ ለወጠች» አሉ መሪጌታ። «ከዚያ ያ የማይሰማ ነገር ተሰማ። ቆመች፣ ጥቂት ቆይታ ሄደች። ተማሪዎቹ ለቁራሽ ልመና ወጥተው ብቻዬን ነበርኩ፤ ሲመለሱ መሽቷል። ለነዚህ ለፖሊሶች ልነግር ሰው ብልክ ጂፑ ተይዟል፣ ዓይነ ስውር ምን ያደርግልናል አሉኝ።»

የመኪና ዜማ የሚለወጠው ማርሽ ሲቀየር ነው። ሦስት። ከትናንት ጀምሮ ልቡ ወደ ላንድሮቨሩ ነበር፤ አሁን ግን ሦስት ማርሽ ያለው ጂፑ ነው። «የመኪናው ድምፅ ሦስት ነበር» ብሎ ጻፈና አመስግኖ ወረደ። መንገዱን ሁሉ በማን እንደሚናደድ አጥቶ ድንጋይ ሲረግጥ ሄደ።

ቀትር ላይ ፊታውራሪው ምሳ ጠራው። ለመሪጌታ «አሉ» ያልኩት አፌ፣ ለዚህ ሰውዬ «አሉ» እንዲል አትጠብቁ፤ ማዕረጉን ጠርቼለታለሁ፣ ይበቃዋል። ወንድይራድ ዶሮው ገና ሳይቀርብ እንግዳውን እጁን ይዞ ወደ ላንድሮቨሩ ወሰደው። ቤት ሠርቶለታል፣ ከሣር ክዳን በታች፣ ለብቻው ጠባቂ ቆሞለታል። ሰው ማሳውን ተነጥቆ መኪና ቤት ይሠራለታል።

«ሰባ ሰባት የፈረስ ጉልበት!» አለ ኮፋኖውን እየደበደበ። ከመኪናው ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አምጥቶ ለመልአኩ ሰጠው፤ እሱ ሥዕሉን እንጂ ጽሑፉን አያነብም። መልአኩ ፖሊስ ትምህርት ቤት በተማራት እንግሊዝኛ እያነበበ የደብተሩን ሁለተኛ ረድፍ ሞላ። አራት ሲሊንደር። ወደ ፊት አራት ማርሽ፣ ወደ ኋላ አንድ። ቤንዚን አርባ አምስት ሊትር። ፊታውራሪው ከትከሻው በላይ እየተንጠራራ ጨመረለት፤ አካሉ እንደ ጓዴ ቅራቅንቦ ብረት አይደለም፣ አሉሚኒየም ነው፣ ዝገት የሚባል አያውቀውም። መልአኩ ይህንንም ጻፈ። የግራው የፊት ፓራፋንጎ፣ ከጎማው በላይ ያለው ክንፍ፣ ከሌላው ይልቅ ያብረቀርቃል። ምነው ሲለው እሾህ ጭሮት ራሴ ቀባሁት አለ።

ያለፈው ሐሙስ የት እንደነበረ ሲጠይቀው ፊታውራሪው ሳቀ። ወገዳ ሠርግ ላይ ነበር፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሷል፣ መቶ ሰው አይቶታል። «ከሜዳው እስከ ወገዳ ደግሞ በመኪና አምስት ሰዓት ነው» አለ። «አገር ያውቀዋል።»

እውነቱን ነበር። መልአኩ በዚያው ቀን ሠርጉ ላይ ጠጅ የጣለችውን የአርብ ገበያዋን ውብነሽን ጠየቃት። ፊታውራሪው ሲገባ ፀሐይዋ የባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ነበረች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው አለች። ሞላ የሞተው በዘጠኝ ሰዓት ነው። በሁለት ሰዓት ተኩል ወገዳ የሚገባ መኪና የለም። እንግዲህ ምን ቀረ? መልአኩ መዝገቡን ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ብዕሩን ወረወረው፣ ግን ጽፏል።

ዓርብ ጧት የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። በአርብ ገበያ ከአንዳርጌና ከፊታውራሪው በቀር መኪና መንዳት የሚችል ስለሌለ፣ እስረኛው ራሱ ጂፑን እየነዳ ወደ መሰቀያው እንዲሄድ ሆነ። አንድ እግሩን ከወንበሩ ብረት ጋር በሰንሰለት አሰሩትና መሪውን ሰጡት። መልአኩ ጎኑ፣ ገብሬ መውዜር ጠመንጃ ይዞ ከኋላ ተቀመጡ። ገበያተኛው በግራና በቀኝ ቆሞ ያያል። አንዳንዱ ይሰድበዋል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። አንዳርጌ ግን ጂፑን ጉድጓድ እንዳይመታት ይጠነቀቅላት ነበር።

ቤተ ልሔም ሥር ያለው ሜዳ ላይ ሲደርሱ ራዲያተሩ ፈላና ቆሙ። መልአኩም መሪጌታ ቃላቸውን በጣታቸው ያጽኑልኝ ብሎ ዳገቱን ወጣ። መሪጌታ ከሩቅ በኮቴው አወቁት።

«ዛሬ የመጣህባት መኪና ያቺ አይደለችም» አሉት ገና ሳይቀመጥ።

መልአኩ ደንግጦ ደብተሩን ገለጠና ያለፈውን ቃላቸውን አነበበላቸው፤ «የመኪናው ድምፅ ሦስት ነበር» እስከሚለው።

«ማነው ሦስት ነበር ያለው?» መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት መቱ። «እንዲህ የሚል ተማሪ ቢኖረኝ ወደ ውዳሴ ማርያም እመልሰው ነበር። ልጄ፣ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ስንት ነው?»

«ሦስት ነው፣ የኔታ።»

«ከግዕዝ ወደ ዕዝል፣ ከዕዝል ወደ አራራይ። ስንት ጊዜ ለወጥኩ?»

መልአኩ ጣቱን ቆጠረ። አፉ ደረቀ። «ሁለት ጊዜ።»

«እኔ ሦስቴ ለወጠች አልኩህ እንጂ ሦስት ድምፅ አላት አላልኩም። ድምፅዋ አራት ነው። እያንዳንዱ ከፍ ይላል፣ ይወድቃል፣ ከወደቀበት ሌላ ሆኖ ይነሣል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የተደገመ የለም። ይህቺ አሁን የመጣችው ሦስት ናት። ሁለቴ ለወጠች፣ ከዚያ ሌላ የላትም።»

መልአኩ በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ገብሬን በስም ሰውን ያሠርክ ደነዝ ብሎ ሲረግመው ከርሞ፣ እሱ ራሱ በቁጥር ሰው ሊያሰቅል ነበር። በራሱ ላይ የመጣው ንዴት ግን ወዲያው ፊቱን አዞረ፤ ምክንያቱም ከታች ሌላ መኪና ሲመጣ ተሰማ። ፊታውራሪው የገዳዩን ፍርድ በዓይኔ አያለሁ ብሎ ወደ ደብረ ታቦር ተከትሏቸው ነው። መሪጌታ ጆሯቸውን አዘነበሉ፣ መልአኩ ግን እጃቸውን ያዘ። ዝም እንዲሉ ለመናቸው፤ ከቆመበት ሲነሣ ይስሙትና ከዚያ ይፍረዱ።

ሜዳው ላይ ገበያተኛው ከቧል። አስካለም ከዘመዶቿ ጋር የባሏን ገዳይ ልታይ መጥታለች። ፊታውራሪው ላንድሮቨሩን ከጂፑ ጎን አቁሞ በፈላው ራዲያተር ይስቃል። መልአኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንዳርጌ ጂፑ በሜዳ ላይ ላንድሮቨሩን ይቀድማል እንዳለ ነገረው። አንዳርጌ እንዲህ አላለም፤ ግን ወንድይራድ ሌላ ምን ይስማ? ፊቱ ቀላ። እስረኛም ሆኖ ይፎክራል ወይ አለና ወደ መሪው ዘለለ።

ጂፑ ትንሽ ከበረደ በኋላ ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ቆሙ። የገበያው ሰው ጨዋታ መስሎት ሳቀ። መልአኩ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ አወረደና ተነሡ። ጂፑ ቀላል ነውና መነሻው ላይ ቀደመ፤ ሁለቴ ለወጠ። ላንድሮቨሩ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ለወጠና ጥሎት ሄደ። በዋርካው ሥር ያሉት መሪጌታ ተነሥተው ቆሙ። አንድ ተማሪ ቃላቸውን ይዞ እየሮጠ ወረደ፤ ያቺ ናት ብለዋል፣ በመስቀሉ እምላለሁ ብለዋል።

ፊታውራሪው ላብ በላብ ሆኖ፣ ጥርሱን እያሳየ ተመለሰ። መልአኩ ሰው ሁሉ በሚሰማው ቦታ ላይ አመሰገነው። «መቼም እንዲህ የሚሄድ ከሆነ ወገዳን በስንት ሰዓት ይገባሉ፣ ፊታውራሪ? ይኼ የጓዴ ጂፕ እንኳ በአምስት ሰዓት ይገባል።»

«ያቺ ቅራቅንቦ ነዋ!» አለ ወንድይራድ። «እኔ ሁለት ሰዓት ተኩል አይፈጅብኝም። ባለፈው ሐሙስ ለሠርጉ…»

ቃሉን ዋጠው። ግን ወጥቷል። ውብነሽ ከሰው መሐል ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ባለፈው ሐሙስ» አለ መልአኩ። ድምፁ ከዚያ በላይ ዝቅ ሊል አይችልም ነበር። «በዘጠኝ ሰዓት ከዚህ ተነሥተው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወገዳ።»

ከዚያ ሴንጢውን አውጥቶ የሚያብረቀርቀውን ፓራፋንጎ ፋቀው። ከአዲሱ ቀለም ሥር ዳር ዳሩ በመዶሻ የተስተካከለ ቀዳዳ ወጣ። የሞላን ዱላ ከጂፑ አስመጥቶ ሹሉን አስገባው፤ ልክ ገባ። የተፋቀው ቦታ ነጭ ነው፣ በመሐረቡ ያለችውም ልጥ ነጭ ናት። ሰዉን ወደ ጂፑ መራቸው። ጂፑ ያልተጫረበት ቦታ የለም፤ ጭረቱ ሁሉ ግን በዝገት ቀልቷል። መልአኩ ልጧን ከጭረቱ አጠገብ ያዛት። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም፤ ሁሉም በየቤታቸው የአሉሚኒየም ድስት ያውቃሉ።

ወንድይራድ አሁንም አልፈራም። እንዲህ ያለ ሰው መፍራትን ከየት ይማራል? በሰው ሁሉ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ጮኸ፤ «የኔን መኪና በዱላ የሚወጋ ገበሬ! በአርባ አንድ ጣት የተፈረመ ወረቀት ይዞ ሊያስፈራራኝ!»

አስካለ ከሴቶቹ መሐል ወጣች። ቀስ ብላ ነው የመጣችው፣ ፊቱ እስክትደርስ።

«አርባ አንድ መሆኑን ማን ነገረዎት?» አለችው።

ወንድይራድ ዓይኑን ከእሷ አንሥቶ ወደ ላንድሮቨሩ ወረወረ። ገብሬ መውዜሩን ከአንዳርጌ ላይ አንሥቶ ወደ ማን እንደሚያዞር ግራ ገባው፤ መልአኩ አፈሙዙን በእጁ ይዞ አዞረለት። ማመልከቻውን ከላንድሮቨሩ ወንበር ሥር አገኙት፣ አንድ ጥጉ ላይ ደም ደርቆበታል። ሰንሰለቱን ከአንዳርጌ እግር ፈቱና በፊታውራሪው እግር ላይ አዋሉት። አንዳርጌ ቁርጭምጭሚቱን እያሸ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ማልቀስ የጀመረው ያኔ ነው። መልአኩ አጠገቡ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀው፤ ሰው እያየው፣ ከነማዕረጉ።

የምስክሮቹን ቃል ሲጽፍ ቀትር አለፈ። ከዚያ በላንድሮቨሩ ጉዞ ጀመሩ። አንዳርጌ ነጂ፣ ፊታውራሪው በሰንሰለት፣ ገብሬ ከኋላ። ብዙም ሳይርቁ መንገዱ የሞላን ማሳ የሚሰነጥቅበት ቦታ ደረሱ፤ አንዳርጌም ፍሬን ያዘ።

መንገዱ የለም። አስካለ ቀድማቸው ሄዳ ሰፈሩን ጠርታለች። አርባ አንዱ ሁሉ መጥተው፣ በመቆፈሪያ እየወጉ፣ በዶማ እየገለበጡ፣ የተረገጠውን አፈር እያላሉት ነው። ግማሹ ጥቁር ሆኗል። ማንም ቀና ብሎ መኪናውን አላየም።

«ምን ትቆማለህ፣ እለፍበት» አለ ወንድይራድ፤ ሰንሰለት ላይ ሆኖ ያዝዛል። «አራት ማርሽ ነው ያለው። ይወጣዋል።»

አንዳርጌ መልአኩን አየው። መልአኩ የተገለበጠውን አፈር፣ ከዚያ አስካለን አየ። ማቋን ወገቧ ላይ አስራ ድንጋይ ትለቅማለች።

«መውጣቱንማ ይወጣዋል» አለ መልአኩ። በሩን ከፍቶ ወረደና ፊታውራሪውን እንዲወርድ አዘዘው። ከዚህ ወዲያ ደብረ ታቦር በእግር ሁለት ቀን ነው፤ ከማሳው ዳር ዳር በወሰኑ ይሄዳል።

አንዳርጌም መኪናውን ወደ ኋላ መለሰው። ለዚህስ ሁለቱም መኪኖች አንድ አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያላቸው።